የብርሃን ኮምፒዩተርና የዶሮ ቆጥ

በዚያን ጊዜ እኛ መምህራን በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ አንድ ጥፋት አዘጋጅተን መቅረብ ነበረብን። ግምገማ ነው። ሰው ሂስ ሳይሰነዝርብህ ራስህ ተነሥተህ «እኔ ይህ ይህ ድክመት አለብኝ» ትላለህ። ድክመት የለብኝም ያለ ሰው አለቀለት፤ ትዕቢተኛ ነው ይባልና የቀረው ሰዓት በሙሉ እሱን ሲያብጠለጥሉ ያልቃል። ትልቅ ጥፋት የተናገረም እንደዚያው። ብልህ ሰው የማይጎዳ ጥፋት መርጦ ይገባል። ቦንጋ ላይ ደግሞ ይህ አይቸግርም ነበር፤ «አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ» ማለት ነው። ዝናቡና ጭቃው ምስክር ስለሆኑ ማንም አይከራከርም። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሰብሳቢው «ለወደፊቱ ይታረም» ይላል፣ ቀጣዩ ሰው ይነሣል።

የኔ ጣጣ አለማርፈዴ ነው። አባቴ አገራችን ዋጫ ላይ ቡና ለቀማ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር፤ እኔም ያንን ወርሼ ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደጅ ቆሜ እገኛለሁ። አረፍዳለሁ ብል ዘበኛው ራሱ ይስቅብኛል። ደግሞ ግትር ነኝ፤ ይህን ሚስቴም ጎረቤቶቿም ያውቃሉ። ያልሠራሁትን ጥፋት ሠርቻለሁ ከምል የሠራሁትን ልናገር ብዬ ወሰንኩ። ምን እንደሠራሁ ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ያ ዓመት ለኔ እንደሌላው ዓመት አልነበረም። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመልክቼ ተቀብለውኝ ነበር፤ ፊዚክስ፣ ያውም የብርሃን ጥናት። የቀረኝ አንድ ወረቀት ነው፤ ከትምህርት ቤቴ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ «በግምገማ ጥሩ ውጤት ያለው» የሚል መስመር መኖር አለበት፤ ያ መስመር ከሌለ ደብዳቤ የለም፣ ደብዳቤ ከሌለ ትምህርት የለም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቶብኛል። አንዴ ኮታው ሞልቷል ተባልኩ፣ አንዴ ማመልከቻዬ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቀኑ አለፈ። ዕድሜዬ ወደ አርባው እየተጠጋ ነበር። ይህ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣም ብሎ ልቤ ስለደመደመ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ሚስቴ ቆጮውን ፊቴ አስቀምጣ ታየኛለች፤ እኔ እቆራርሰዋለሁ እንጂ አልበላውም።

ነገሩ የጀመረው ከፕላዝማው ነው። በየክፍሉ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበረን፤ ፕላዝማ እንለው ነበር። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ እየሮጠ ይናገራል፣ ጥያቄ ይሰጣል፣ ተማሪው የእስክሪብቶውን ክዳን ሳይከፍት «ጥሩ» ብሎ ያልፋል። የኔ ሥራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ማጠቃለል፣ በመሀል ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፊዚክስ ተምሬ የሳጥን ቁልፍ ያዥ ሆንኩ እያልኩ እበሳጭ ነበር። ደግነቱ የቦንጋ መብራት አለ። ዝናብ ሲበረታ ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ፕላዝማውም ይሄዳል፣ ክፍሉ ለኔ ይቀራል።

አንድ ቀን ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ፕላዝማው ስለ ብርሃን ነጸብራቅ መናገር በጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ዝናቡ ጠዋቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት አባርቶ ነበር፤ ፀሐይ ወጣች። ጣራው አሮጌ ነው። ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ አለ፣ በእሷ በኩል አንድ ቀጭን ብርሃን ገብታ ወለሉ ላይ አረፈች። ዐይኔ እሷ ላይ ቀረ። በመቀጠል የሠራሁትን ሁሉ ያሠራኝ ያ ቀዳዳ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ድረስ እሱን እረግማለሁ።

«መስታወት የያዘ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሴቶቹ ተያዩና ሣቁ። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ከቦርሳዋ ቀይ ፕላስቲክ ጠርዝ ያለው፣ መዳፍ የምታህል መስታወት አውጥታ ሰጠችኝ። ይህች ልጅ ከደካ መጥታ ቦንጋ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ናት። ብዙ አትናገርም፤ መምህር የተናገረውን ግን አንዲት ቃል ሳታስቀር ትጽፋለች። ሳል ቢይዝህ ሳልህን የምትጽፍ ይመስልሃል።

አንዱን ተማሪ ዳስተር እንዲያራግፍ አዘዝኩት። የጠመኔው ብናኝ አየሩን ሲሞላው ብርሃኗ ከጣራ እስከ ወለል ቁልጭ ብላ ታየች። እኔ ደግሞ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ በመስታወቷ ተቀብዬ ያችን ብርሃን መሀሏ ላይ አቋርጬ ወደ ማዶው ግድግዳ ላክሁት። ሁለቱ ተላለፉ። አንዷም ቦታዋን አልለቀቀችም፣ አንዷም አልደበዘዘችም።

«አያችሁ» አልኳቸው፤ «ሁለት ሽቦ ቢነካካ ምን ይሆናል?»

«ይቃጠላል» አሉ።

«ብርሃንስ?»

ወደተላለፉት ብርሃኖች ቀና አሉ። ከዚያ አንዱ «አይነካካም» አለ።

አሁን ሳስበው የሞቀኝ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተር የሚባለው ዕቃ ውስጡ በአለ እና በየለም እንደሚሠራ፣ መብራት አለ፣ መብራት የለም፣ በዚህ ብቻ እንደሚቆጥርና እንደሚያስብ ነገርኳቸው። ያንን የሚያመላልሰው በሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክ መሆኑን፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ መንገድ ላይ እንደሚተሻሽና እንደሚግል፣ ስለዚህም ማሽኑ ማራገቢያ እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። «ወደፊት ግን» አልኩ፤ «በሽቦ ፋንታ በብርሃን የሚያስብ ኮምፒዩተር ሊኖር ይችላል። አይጋጭም፣ እንደዛሬው አይግልም፣ ከብርሃን የሚፈጥን ደግሞ የለም። ፈረንጆቹ እየሞከሩ ነው፤ ገና አልደረሱበትም።» ይህን ያነበብኩት ሽፋኑ በጠፋ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ነበር፤ ለዓመታት ልቤ ውስጥ የተቀመጠውም፣ ማመልከቻውን ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ያኔ እነዚያ የኛ ኮምፒዩተሮችስ?»

የኛ ኮምፒዩተሮች ከመጡ አምስት ወር ሆኗቸው ነበር። ርዕሰ መምህሩ አንድ ክፍል አስለቅቀው፣ ወለሉን አስጠርገው አስቀምጠዋቸዋል። ሶኬት ስላልተገጠመ አንዳቸውም በርተው አያውቁም፤ ጥልፍ ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጨርቁን ቀስ ብለው ገልጠው ያሳያሉ፤ ከዚያ መልሰው ያለብሷቸዋል። ተማሪው የሚያውቃቸው በመስኮት ነው።

«እነሱማ» አልኩ፤ «ያኔ የዶሮ ቆጥ ይሆናሉ።»

ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም።

ደወል ሊደወል ሲል የደካዋ ልጅ ተነሣች። ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ቲቸር፣ ብርሃንና ብርሃን የማይነካኩ ከሆነ፣ አንዱ ሌላውን እንዴት ያዛል? ‹አለ› ሁን፣ ‹የለም› ሁን የሚለው ማን ነው?»

የጠየቀችው የነገሩን እምብርት ነው። መተላለፋቸውን ትልቅ በረከት አድርጌ ስነግራቸው ነበር፤ እሷ ደግሞ ያው በረከት እንቅፋት መሆኑን በአንድ ጊዜ አየችው። ካልተነካኩ አይታዘዙም። መጽሔቱ ላይ ይህን አላነበብኩም፤ ወይም አንብቤ አላስተዋልኩም።

«ይህን አላውቅም» አልኳት። «ፈልጌ አመጣለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እንቀጥላለን።» መስታወቷን ልመልስላት ስል «እርስዎ ጋ ይሁን፣ ለሚቀጥለው ያስፈልጋል» አለችኝ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

እንግዲህ ለግምገማው መርጬ የያዝኩት ጥፋት ይኸው ነው፤ ከፕሮግራም መውጣት። ለመናገር አያሳፍርም ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ውስጡ ጉራ አለበት። ድክመቴን የምናዘዝ መስዬ፣ እዩኝ፣ እኔ እኮ ከፕላዝማው በላይ አውቃለሁ ማለቴ ነበር።

ግምገማው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው የተካሄደው። ከኔ በፊት የተነሡት አምስት ሰዎች አምስቱም አርፋጆች ነበሩ። ተራዬ ደረሰ። «የኔ ድክመት ከፕሮግራም መውጣት ነው» አልኩ። «መብራት በጠፋ ቀን ፕላዝማው ከሚለው ውጭ ስለ ብርሃን ኮምፒዩተር ለተማሪዎች አስረድቻለሁ። ለወደፊቱ አስተካክላለሁ።» ተቀመጥኩ። ጸሐፊው ጻፈ። አለቀ ብዬ እፎይ ልል ስል የሲቪክስ መምህሩ እጁን አነሣ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልናገርለት ይገባል። እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ሂስ መስጠት ነበረብን፤ እሱ እስከዚያ ሰዓት አልሰጠም ነበር። እኔ ደግሞ አዘጋጅቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«የብርሃን ኮምፒዩተር የሚባለው አለ ወይስ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ገና ነው። ወደፊት ሊኖር ይችላል።»

«የሌለ ነገር አስተማርክ ማለት ነው።»

«የሌለ ሳይሆን ያልደረሰ።»

«እሺ። ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ስለ ዶሮ ቆጥ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እሱስ?»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ አልሣቁም። «ምንድን ነው የዶሮ ቆጥ?» አሉ፤ ወደ እኔ ዞረው። ሣቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ነገርኳቸው። ቀልድ እንደሆነ፣ ወደፊት ስለሚሆን ነገር እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እንኳ እንደማይታወቅ አብራራሁ። ባብራራሁ ቁጥር ይብስ ነበር። ያኔ አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልያዝኩትም፣ «ይህ የክህሎት ችግር አይደለም፣ የአመለካከት ችግር ነው» አለ።

ያን ዘመን ያልኖረ ሰው ይህ ቃል ምን እንደነበር አይገባውም። የክህሎት ችግር ያለበት ሥልጠና ይሰጠዋል፤ አበል ሁሉ ሊያገኝ ይችላል። የአመለካከት ችግር ግን መድኃኒት የለውም። አንዴ ስምህ አጠገብ ከተጻፈ አንተ በሄድክበት ይሄዳል። ጸሐፊው ሲጽፈው አየሁት፤ እስክሪብቶው እምቢ ብሎት አንዴ ወረቀት ዳር ላይ ፈተነው፣ ከዚያ ጻፈው። ውሳኔው «ጉዳዩ ተጣርቶ ይቅረብ» የሚል ሆነ። ሦስት ሰዎች ተመረጡ። የኔ ውጤት ባዶ ቀረ። ደብዳቤው መድረስ ያለበት ደግሞ በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻ ነው።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ስትሰማ ስለምትውል ቶሎ አትደነግጥም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ሌላ ጥፋት አጥተህ ነው?» አለች።

«አላረፍድም እኮ።»

«አንድ ቀን ብታረፍድ ምን ነበረበት?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከጓዳ ስትወጣ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። እሷም ሁለት ጊዜ የቀረብኝን አብራኝ ቆጥራለች፤ ሻንጣ እንኳ ከጎረቤት ተውሳ አዘጋጅታ ነበር።

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሰላም ሲለኝ ሰላምታውን እመዝነዋለሁ፤ አጠረ፣ ረዘመ፣ ዐይኔን አየኝ፣ አላየኝም። መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ያቋረጡ ይመስለኛል። ምናልባትም ቀድሞውኑ የሚያወሩት አልነበረም። በሩ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ካየሁ ዞሬ በሌላው በኩል እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ መብራት ሄደ። ፕላዝማው ጠቆረ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ የደካዋ ልጅ ደብተሯን ገልጣ እስክሪብቶዋን ይዛ ተዘጋጀች። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ያቺ ብርሃን በቀዳዳዋ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ፤ በረንዳው ላይ የሚያልፍ ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው። ማንም አልነበረም።

«መጽሐፋችሁን አውጡና በዝምታ አንብቡ» አልኩ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም። እስከ ደወል ድረስ እንደያዘችው ቆየች።

የሚገርመው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መልሱን ማግኘቴ ነው። ጭንቀቴን ልርሳ ብዬ አልጋ ሥር ካለው ካርቶን የኮሌጅ መጻሕፍቴን አወጣሁ። አንዱ ውስጥ፣ መጨረሻ አካባቢ፣ ስንማር «ይዝለል» ተብሎ ከተዘለለው ምዕራፍ ውስጥ አገኘሁት። ብርሃንና ብርሃን በቀጥታ አይነካኩም፤ በመሀላቸው ግን ሦስተኛ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። የጠጠር ዓይነት ነገር ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። አንዱ ብርሃን በርትቶ ሲወድቅበት የጠጠሩ ጠባይ ይለወጣል፤ ያኔ ሌላው ብርሃን የሚያልፍ ከነበረ ሊታገድ፣ የታገደ ከነበረ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ በሽማግሌ ይታዘዛሉ ማለት ነው። ደስ ከማለቱ የተነሣ ደብዳቤውን ለአንድ ሰዓት ያህል ረሳሁት። ግማሽ ሉክ ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሠራሁ፣ ከሥሩ በአማርኛ በአጭሩ ጻፍኩ። መስታወቷ ኪሴ ውስጥ እንዳትሰበር በወረቀቱ ጠቅልዬ መልሼ ከተትኳት። ለልጅቷ ሁለቱንም አብሬ እሰጣታለሁ ብዬ ነበር።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ደብተር ተገልጦ ተቀምጧል። አጣሪዎቹ የተማሪ ማስታወሻ አምጡ ብለው ክፍሉን ሲጠይቁ የተሟላው የደካዋ ልጅ ማስታወሻ ሆኖ ነው። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

«አንድ፤ ብርሃንና ብርሃን ቢተላለፉ አይጋጩም። ሁለት፤ ኮምፒዩተር በአለ እና በየለም ያስባል። ሦስት፤ ወደፊት በብርሃን የሚያስብ ኮምፒዩተር ሊኖር ይችላል። አራት፤ ያን ጊዜ የኛ ኮምፒዩተሮች የዶሮ ቆጥ ይሆናሉ።» አራተኛው መስመር ሥር በቀይ ተሰምሮበታል። አምስተኛውን አላነበቡትም፤ እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። «አምስት፤ ጥያቄ፦ ብርሃን ብርሃንን እንዴት ያዛል? መምህሩ መልሱን ያመጣል» ይላል።

ርዕሰ መምህሩ ደብተሩን ዘጉት። «ስማኝ» አሉኝ፤ «ያጠፋኸው ትንሽ ነው። ግን ተጽፏል። የተጻፈ ነገር ደግሞ በሌላ የተጻፈ ነው የሚወጣው። ሰኞ ሰልፍ ላይ ተማሪዎቹ ፊት አስተካክለው። ተስተካክሏል ብለን እንጽፋለን፣ ደብዳቤህን ያኔውኑ እፈርማለሁ።»

«ምን ብዬ ላስተካክል ጋሼ?»

«ስሕተት ነበር በል። አለቀ።»

«ስሕተት እኮ አይደለም።»

«እኔ መቼ ስሕተት ነው አልኩ?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። የደከማቸው ይመስሉ ነበር። አንዲት አጭር ወረቀት ሰጡኝ፤ የምለው ተጽፎባታል። «ስለ ትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተሮች የተናገርኩት ትክክል ስላልነበረ ይታረምልኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ይህን ማለት ያን ያህል አይከብድም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ኮምፒዩተሮቹን የዶሮ ቆጥ ማለቴ እውነትም ለርዕሰ መምህሩ ስድብ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ወረቀቷን እያወጣሁ ሳነብ ሰነበትኩ። ሚስቴ «ይቺን ለማለት ነው ይህ ሁሉ?» ስትለኝ «ቀላል ነው» አልኳት። ቀላልም ነበር፤ አንብቤ ብወርድ ኖሮ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፣ መዝሙሩ አለቀ፣ ስሜ ተጠራ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ደረጃው ላይ ወጥቼ ወረቀቷን አነበብኩ። ቀና ስል የሲቪክስ መምህሩን አየሁት፣ ሦስቱን አጣሪዎች አየኋቸው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም። አልበቃቸውም ብዬ አሰብኩ። ይኼ እንደ ሹፈት ቢታይብኝስ? ደብዳቤው ቢቀርስ? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ወረቀቷ ላይ ሳይኖር፣ አፌን ከፍቼ ጨመርኩበት።

«የብርሃን ኮምፒዩተር የሚባል ነገርም የለም» አልኩ። «ወደፊትም አይኖርም። በብርሃን ማሰብ አይቻልም። ያልኳችሁን እርሱት።»

ርዕሰ መምህሩ እንኳ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋና ተማሪው ወደየክፍሉ ገባ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተፈርሞ ማኅተም ተመትቶበት እጄ ገባ። ርዕሰ መምህሩ ጨበጡኝ። የሲቪክስ መምህሩም መጥቶ «እንኳን ደስ ያለህ፣ በቅንነት እንደሆነ ታውቃለህ» አለኝ፤ አወቅሁለት። በዚያ ደብዳቤ ሄጄ ሁለት ዓመት የብርሃንን ጥናት ተምሬ ተመርቄያለሁ። አሁንም የብርሃን ኮምፒዩተር ወደፊት ሊኖር ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ተስፋውም ችግሩም ልጅቷ በጠየቀችው ጥያቄ ላይ ነው። ይህን ለመናገር ዛሬ የሚያስፈራኝ ሰው የለም። ያን ዕለት ግን ደስታዬን እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም፤ ደብዳቤውን በደረት ኪሴ አድርጌ በየአምስት ደቂቃው በእጄ እነካዋለሁ፣ ይጠፋብኛል ብዬ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘጠነኛ ክፍል ሳጥኑን ልቆልፍ ገባሁ። የደካዋ ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ደብተሯ ተመልሶላታል። ስታየኝ ተነሣች። ገጹን ገልጣ አመጣችው፤ ቀዩ መስመር አለ፣ ከሥሩ ጥያቄዋ አለ።

«ቲቸር» አለች፤ «የቱን ልያዝ? የፊተኛውን ወይስ የዛሬውን?»

የተናደደች አትመስልም። እየታዘበችኝም አትመስልም። እውነቷን ነው የጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም ያልኳት እኔ ነኝ፣ የቱ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። በረንዳውም ባዶ ነው፤ አይቻለሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፣ የሚነጥቀኝ የለም። ፊተኛውን ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት።

«ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።

«እሺ ቲቸር» አለች። ተቀምጣ ማስመሪያዋን አወጣች። አንደኛውን መስመር ሰረዘች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ማስመሪያውን በጥንቃቄ እያስተካከለች ነው የምትሰርዘው። አራተኛውን ሰረዘች። አምስተኛው ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ እሱንም ሰረዘች። እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ለምን እንደጠበቅሁ አላውቅም።

ደብተሯን ከታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «እንግዲያው መስታወቴን ይስጡኝ ቲቸር፤ ካላስፈለገ።»

እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። መስታወቷ መልሱን በጻፍኩበት ወረቀት እንደተጠቀለለች ነበረች። ወረቀቱን እዚያው ኪሴ ውስጥ በጣቴ ገፍፌ መስታወቷን ብቻ አውጥቼ ሰጠኋት።